ስድስት ጎራሽ የእንግሊዝ ሽጉጥ፦ ኢላማ ከመተኮሴ በፊት ምን ልመርምር?

ሱሉልታ_ዳር፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ፈቃዱ በስሜ የሆነ የድሮ የእንግሊዝ ሽጉጥ አለ፤ ወገቡ ላይ ታጥፎ የሚከፈተው ዓይነት። ቀኝ ጎኑ ላይ «ኤንፊልድ ቁጥር 2 ማርክ 1» የሚል ማኅተም ከነአንድ ኮከብ ተመትቶበታል። በተፈቀደ ቦታ አልፎ አልፎ ኢላማ ልተኩስበት ነው። ልኩ የትኛው ጥይት ነው? «38 ከሆነ ሁሉም አንድ ነው» የሚሉኝ አሉ። ደህና መሆኑንስ በምን ልወቅ? የክረምቱ ዝገትም አስቸግሯል።

የድሮ_ብረት፦
እንዲህ ያለህን ሰው አትስማው። ያንተ ልኩ አጭሩ 38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነው፤ እንግሊዞች 38/200 ይሉታል። 200ው የእርሳሱ ክብደት በግሬን ነው፣ 13 ግራም ያህል። ቀለሁ 19.7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ 9.8 ይወፍራል። 38 ስፔሻል ደግሞ 29.3 ይረዝማል፣ ውፍረቱ ግን 9.6 ብቻ ነው፤ ግፊቱም ይበልጣል። ባልተነካ ኤንፊልድ ውስጥ እስከ መጨረሻው አይገባም። ከገባ ደስ አይበልህ፦ አንዱ ጥይት የሚጎርሰውን የከበሮውን ቀዳዳዎች ሰርስሮ አስረዝሟቸዋል ማለት ነው። ቀለሁ ላልቶ ስለሚቀመጥ ሲተኮስ ያብጣል፣ አንዳንዴም በቁመቱ ይሰነጠቃል።

አንድ ኮከብ ካለው መዶሻው በአውራ ጣት ወደ ኋላ የሚሳብበት ጆሮ የለውም፤ ቃታውን ስበህ ብቻ ነው የምትተኩሰው። ሁለት ኮከብ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር፤ ያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥድፊያ የመዶሻ ማገጃው የቀረበት ነው፣ ጎርሶ ከወደቀ ሊባርቅ ይችላል።

ፊለር_ጌጅ፦
መጀመሪያ ከፍተህ ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑን በጣትህ ዳስስ። ከዚያ ዝጋና አፈሙዙን ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዝ፤ መላላት የለበትም። የዚህ ሽጉጥ ጤና ያለው ከላይ አፈሙዙን ከአካሉ ጋር በሚቆልፈው መቀርቀሪያ ላይ ነው። ቀጥሎ ቃታውን እስከ መጨረሻው ስበህ ሳትለቅ ከበሮውን ለማዞር ሞክር፤ ጥቂት ቢነቃነቅ ግድ የለም፣ ከዞረ ግን ቀዳዳው ከአፈሙዙ ጋር አይገጥምም፣ እርሳሱ ተላጭቶ ወደ ጎን ይረጫል። በስድስቱም ላይ ድገመው፤ አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ የሚያስቸግርበት ጊዜ ብዙ ነው። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ያለውን ክፍተት መካኒክ ቫልቭ በሚለካበት ፊለር ጌጅ ለካ፤ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ መልካም ነው።

ቆየት ባለ ጥይት ስትተኩስ ድምፁ «ፑፍ» ካለ ወዲያው አቁም። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ የሚቀጥለው ጥይት ቱቦውን ያሳብጠዋል። ጨርሶ ካልተኮሰ ደግሞ ወደ ኢላማው እንዳነጣጠርክ 30 ሰከንድ ቆይ።

እንጦጦ_ሥር፦
ዝገቱን በተመለከተ፦ የድሮ ወታደራዊ ጥይት ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰው) ሲነድ ጨው ይተዋል፣ ጨዉም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። በሱሉልታ ሐምሌ በአንድ ሌሊት ቀይ ሆኖ ታገኘዋለህ። ብዙ ሰው በላምባ ይወለውላል፤ ላምባ ቅባት እንጂ ጨው አያሟሟም። ከፍተህ የፈላ ውሃ በአፈሙዙና በስድስቱ ቀዳዳ አሳልፍ፣ በጨርቅ አድርቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት ቀባ። የመያዣውን እንጨት አስቀድመህ ፍታ፣ ውሃ አይወድም። በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አታስቀምጠው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

የድሮ_ብረት፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈቃድ አለኝ ማለት ሜዳ ላይ መተኮስ እችላለሁ ማለት አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አንብብ፣ ስለ ቦታው ፖሊስን አስቀድመህ ጠይቅ። ከኢላማው ጀርባ ድንጋይ ሳይሆን ከፍ ያለ የአፈር ክምር ይኑር፤ እርሳስ ከድንጋይ ይነጥራል። ካንተ እስከ ኢላማው 10 ሜትር ይበቃል። የጆሮ መከላከያና መነጽር አትርሳ።

ሱሉልታ_ዳር፦
አመሰግናለሁ። አፈሙዙን ስወዘውዘው ትንሽ «ቀጭ ቀጭ» ይላል።

ፊለር_ጌጅ፦
እንግዲያው አትተኩስበት። መቀርቀሪያው ወይም የማጠፊያው ሚስማር ተበልቷል። ከሥሩ ቆርቆሮ እንክተትበት የሚሉህ አሉ፤ በጥቂት ተኩስ ተጨፍልቆ መልሶ ይላላል። መቀርቀሪያው በልኩ ተሠርቶ እስኪገጠምለት ድረስ ዘይት ቀብተህ አስቀምጠው።