ዕድሜ አመለካከታችንን ሲለውጠው ማስተዋል ነው ወይስ ድካም?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የማሰላስለውን ጉዳይ ለውይይት ላቅርብ። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ስለ ፍትሕም ሆነ ስለ ወዳጅነት የነበረኝ አቋም የማያወላዳ ነበር፤ ቃሉን ያላከበረን ሰው ምክንያቱን ሳልጠይቅ እርቀው ነበር፤ ለእውነት መቆም ማለትም ፊት ለፊት መከራከር እንደሆነ አምን ነበር። ዛሬ አርባዎቹን አጋምሼ ያንኑ ዓይነት ድርጊት ስመለከት፣ ከፍርድ በፊት ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ሰውየው የነበረበት ጫና፣ የፈራው ነገርና ሊያጣው ይችል የነበረው ነው። ክርክር ሲነሳም አብዛኛውን ጊዜ ዝም እላለሁ። ይህ ለውጥ ማስተዋል ነው ወይስ ድካም? ሁለቱም ከውስጥ ሲታዩ እርጋታ ስለሚመስሉ፣ አንዱን ከሌላው በምን መለየት እንደሚቻል ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

በጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሳ ሦስተኛ አማራጭ ያለ ይመስለኛል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሎራ ካርስተንሰን ባዳበሩት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የሰውን ምርጫ በዋናነት የሚለውጠው የኖረው ዘመን ሳይሆን ይቀረኛል ብሎ የሚገምተው ጊዜ ነው። መጪው ዘመን ሰፊ ሆኖ ሲታየን አዲስ ዕውቀትና አዲስ ትውውቅ እንሻለን፤ የማይመች ክርክርም ቢሆን አንድ ቀን ይጠቅመናል ብለን እንገባበታለን። የቀረን ጊዜ ያጠረ ሲመስለን ግን ለልባችን ቅርብ ወደሆኑ ሰዎችና ዛሬውኑ ትርጉም ወደሚሰጡን ነገሮች እናዘነብላለን። ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም የነበረባቸው ወጣቶች ሰዎችን በሚመርጡበት መንገድ ከአረጋውያን ጋር ተመሳስለው ተገኝተዋል። በአንጻሩ፣ አረጋውያን ዕድሜያቸውን በ20 ዓመት የሚያራዝም ሕክምና ተገኘ ብለው እንዲያስቡ ሲደረግ፣ ምርጫቸው ወደ ወጣቶቹ ተጠግቷል። ስለዚህ የእርስዎ ዝምታ ማስተዋልም ድካምም ላይሆን ይችላል፤ ጊዜዎን በምን ላይ እንደሚያውሉ መምረጥዎ ሊሆን ይችላል።

የሰውን ሁኔታ ማየት መቻልዎን ግን ከዝምታዎ ለይቼ ነው የምመለከተው። ኢጎር ግሮስማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት በተለያየ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች ማኅበራዊ ግጭቶችን የሚተርኩ ታሪኮችን ሰጥተው ነበር። በዕድሜ የገፉት የአስተሳሰብ ፍጥነታቸው ቢቀንስም፣ ጉዳዩን ከብዙ ወገን በማየት፣ የዕውቀታቸውን ወሰን በማመንና ለስምምነት ቦታ በመተው ከወጣቶቹ በልጠዋል። እንዲህ ያለው ለውጥ ድካም የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ የተሰጠው መልስ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እርስዎ የዛሬውን ራስዎን የሚያነጻጽሩት ከሃያ ዓመቱ ወጣት ጋር ሳይሆን፣ ስለዚያ ወጣት ዛሬ ካለዎት ትዝታ ጋር ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 እንዳሳዩት፣ ትዝታ ተቀምጦ የቆየ ነገር አይደለም፤ ባስታወስነው ቁጥር ዛሬ ባለን ግንዛቤ እንደገና ይዋቀራል። ምናልባት ያኔም ቢሆን ብዙ ይጠራጠሩ ነበር፤ ጥርጣሬው ግን በትዝታዎ ውስጥ ቦታ አላገኘም። በዚያ ዘመን የጻፉት ማስታወሻ ወይም ደብዳቤ ካለ ከማንኛውም ትዝታ የተሻለ ምስክር ነው።

ወደፊት ስንመለከትም ተመሳሳይ ችግር አለ። ጆርዲ ኩዋድባክ፣ ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከ18 እስከ 68 ዓመት የሚሆናቸው ከ19,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈዋል። በየትኛውም ዕድሜ ያሉ ሰዎች ባለፉት 10 ዓመታት ብዙ እንደተለወጡ፣ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ግን እምብዛም እንደማይለወጡ ገምተዋል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ ገና ያልሆንነውን ሰው ልናስበው ይከብደናል። በአርባዎቹ የደረሱበት እይታም እንደ ሃያዎቹ ሁሉ መንገድ ላይ ያለ ነው ብሎ መያዝ ይበጃል።

ሦስተኛ መልስ

ዕድሜ በራሱ ያስተምራል በሚለው አልስማማም። ፖል ባልተስና ባልደረቦቻቸው በርሊን ውስጥ ስለ ጥበብ ባደረጉት የረዥም ጊዜ ምርምር፣ ሰዎች ስለ አስቸጋሪ የሕይወት ጉዳዮች የሚሰጡት ፍርድ ከጉርምስና እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ካደገ በኋላ፣ ዕድሜ ስለጨመረ ብቻ እንደማይሻሻል አግኝተዋል። ያጋጠመንን ነገር መለስ ብለን ካልመረመርነው ልምድ ልማድ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለመለየት ሁለት ነገር እንዲሞክሩ እመክራለሁ። የቀድሞ አቋምዎን፣ ያ ወጣት ቢሰማዎት «አዎ፣ እኔ የምለው ይህንኑ ነው» በሚልበት ጥንካሬ ዛሬ ማስረዳት ይችላሉ? ከቻሉ አዲሱ እይታዎ አሮጌውን በውስጡ ይዞ ሰፍቷል ማለት ነው፤ ካልቻሉ ግን ቀድሞ የሚያዩትን አንድ ነገር ማየት አቁመው ይሆናል። ሌላው ደግሞ ርኅራኄዎ ወደ ማን እንደሚያመራ ነው። በዳዩ የነበረበትን ጫና የሚያይ ሰው፣ ተበዳዩ የተሸከመውንም በዚያው ልክ ሊያይ ይገባል። በግል ጥቅምዎ ጉዳይ ዝም ማለት መብትዎ ነው፤ ዋጋውን ሌላ ሰው በሚከፍልበት ጉዳይ ዝም ካሉ ግን ያንን ማስተዋል ብዬ ልጠራው አልችልም። ወጣትነት በዚህ ረገድ ያለው ቁጣ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ልናስተካክለው የሚገባን አነጋገሩን እንጂ ቁጣውን አይመስለኝም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝምታዬንና ሰውን መረዳቴን እንደ አንድ ነገር ቆጥሬ ስለነበር፣ መነጣጠላቸው ጥያቄዬን ግልጽ አድርጎልኛል። በሃያዎቹ ዕድሜዬ ከአንድ ወዳጄ ጋር የተጻጻፍናቸው ደብዳቤዎች እርሱ ዘንድ ስላሉ እንዲልክልኝ እጠይቀዋለሁ። ሦስተኛው መልስ ላይ ግን አንድ ነገር እንዲብራራልኝ እሻለሁ፦ ተበዳዩ ራሱ ጉዳዩ እንዲነሳ የማይፈልግ ከሆነ፣ ስለ እርሱ መናገር ያለበትን ሰው ዝምታ በምን እንመዝነዋለን?