ያረጀውን የናፍጣ ሞተር ላድን ወይስ አውጥቼ ከኋላ አውትቦርድ ልስቀል?

ሸራዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

7.6 ሜትር የምትረዝም የሸራ ጀልባ አለችኝ። ክብደቷ ሁለት ቶን ገደማ ነው። ከወለሏ ስር ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 9 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ተቀምጧል። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልነሳ ብሏል። የዘይት መለኪያውን ስመዘው ዘይቱ ነጥቶ፣ ወተት መስሎ ወጣ። እዚያው ጀልባ የሚያቆም አንድ ሰው አይቶት «ይሄ አበቃለት፣ አውጥተሽ ጣዪውና አውትቦርድ ስቀዪ» አለኝ።

እውነት ለመናገር ሐሳቡ ልቤን ስቦታል። አውትቦርድ ከጀልባ ጀርባ ውጭ የሚሰቀል ሞተር ስለሆነ፣ ቢበላሽ ፈትቼ ተሸክሜው ጋራዥ እሄዳለሁ። በሸራ ስሄድ ከውሃ አነሳዋለሁ፤ ፕሮፔለሩ አይጎትተኝም። አሁን ሞተሩ የያዘው ቦታም ለዕቃ ይሆነኛል። ግን አብሮኝ የሚወጣው አባቴ ነው፤ 71 ዓመቱ ነው። በጀልባዋ ጀርባ ጎንበስ ብሎ የማስነሻ ገመድ ሲስብ ማየት አልፈልግም። ደግሞ ከማቆሚያችን ወደ ክፍት ውሃ የሚያስወጣው መተላለፊያ ጠባብ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ሁለቱንም ያየ፦
እህቴ፣ ያንቺን በምታክል ጀልባ ስድስት ዓመት አውትቦርድ ይዤ ነበር። አሁን ያለኝ ኢንቦርድ ነው፤ እንዳንቺው ከጀልባው ውስጥ የተቀመጠ ሞተር። ከጻፍሽው ሁሉ ያሳሰበኝ የመተላለፊያው ነገር ነው።

ጸጥ ባለ ውሃ አውትቦርድ በጣም ደስ ይላል። የምታዞሪው ሞተሩን ራሱን ስለሆነ በጠባብ ቦታ ጀልባዋ ባለችበት ትዞርልሻለች። ኢንቦርድ ላይ ይሄ የለም፤ ወደ ኋላ ስትሄጂ እንዲያውም ጀርባዋን ወደ አንድ ጎን ይወስድብሻል። ጉዱ ሞገድ ሲመጣ ነው። አውትቦርድ የሚሰቀለው መጨረሻው ጫፍ ላይ ነው። አፍንጫዋ ሲወርድ ጀርባዋ ይነሳል፤ ፕሮፔለሩም ከውሃ ወጥቶ አየር ይመታል። አንድ ቀን ልክ እንዳንቺው ባለ መተላለፊያ ውስጥ የተጣበቀ ሸራ ላወርድ ወደ ፊት ሄድኩ። የኔ ክብደት ሲጨመር ጀርባዋ ብድግ አለ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጀልባዋ ቆመች። ፕሮፔለሩ ተመልሶ ሲገባ ትንሽ ተንፏቀቅን፤ ደግሞ ጮኸ። ነፋሱ ወደ ድንጋዩ እየገፋን ነበር፤ የቀረን የሁለት ጀልባ ርዝመት ቢሆን ነው። ያ ጩኸት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ምርጫሽን ውሃው በተረጋጋበት ቀን አትመዝኚው። ሞተሩ የግድ በሚያስፈልግሽ በዚያች ሩብ ሰዓት መዝኚው።

አውትቦርድ ካልሽ አጭር ዘንግ ያለው እንዳትገዢ። ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር፣ በጣም ረጅሙ 63 ገደማ ነው። ፕሮፔለሩ ሰፊ፣ ጥምዝዙ ግን ያነሰውን ፈልጊ። ለፈጣን ጀልባ የተሠራው ውሃውን ያምሰዋል እንጂ ሁለት ቶን አይገፋልሽም። ጉልበቱ ለቶን 4 ፈረስ ቢሆን ይበቃል፤ ላንቺ 8 ገደማ ማለት ነው። 20 ብትሰቅዪም ከ6 ኖት (በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ) ብዙም አታልፊም። ፍጥነቷን የሚወስነው ውሃ ላይ የተኛው ርዝመቷ ነው።

ነፋስ ጠባቂ፦
የኤሌክትሪክ አውትቦርድስ? እኔ 1.1 ኪሎ ዋት የሆነ አለኝ። ጸጥታው ልዩ ነው፣ ገመድ መሳብም የለም። ግን በሙሉ ጉልበት ከሄድኩ ባትሪው አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው። የኔ ጀልባ ግማሽ ቶን ነች። ላንቺ፣ ፊት ለፊት ነፋስ እያለ፣ ይሄ መጠን አይበቃም።

የናፍጣ ሰው፦
ልጄ፣ ምንም ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር መልሽልኝ። ትናንት አልነሳ ሲል ቁልፉን ደጋግማችሁ አዙራችሁ ነበር? የባሕር ውሃ የሚያስገባው ቫልቭስ ክፍት ነበር?

የምጠይቅሽ ለዚህ ነው። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በዞረ ቁጥር የውሃ ፖምፓውም ይዞራል። ውሃው ወደ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይሄዳል። ሞተሩ ቢነሳ ጭሱ ገፍቶ ያስወጣዋል። ካልተነሳ ግን የሚገፋው የለም፤ ማርሚታው ይሞላል፣ ውሃው በጭስ ማውጫው ተመልሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በፒስተኑ ቀለበቶች አልፎ ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዘይቱን ያነጣው ይሄ ከሆነ ሞተርሽ አልሞተም። ግን ፍጠኚ፤ ጥቂት ቀን ካደረ ዝገት ይይዘዋል።

ቫልቩን ዝጊ። ማርሚታው ውስጥ ያለውን ውሃ አፍስሺ። ኖዝሉን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን) ፍቺና ሞተሩን በእጅ፣ ቀስ ብለሽ አዙሪው። ውሃ ካለ በቀዳዳው ይተፋዋል። አደራ፣ ኖዝሉ ሳይወጣ በሞተሪኖ እንዳትሞክሪው! ውሃ አይታመቅም፤ ፒስተኑን የያዘውን ክንድ ያጎብጥብሻል። ከዚያ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሪ፤ ኖዝሉን መልሺ፤ ከናፍጣ መስመሩ አየሩን አስወጪ። አስነሺው፣ ጥቂት ይሥራ፣ ዘይቱን ደግመሽ ቀይሪ። እስኪጠራ ድረስ። እየነጣ ከቀጠለ የተበላሸው ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ወይም ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ያኔ ስለ አውትቦርድ እናወራለን።

ያኔም ቢሆን ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። የፕሮፔለሩ ዘንግና የውሃ መግቢያው ቀዳዳዎች መደፈን አለባቸው። በማስቲሽ የሚሆን ነገር አይደለም። ዙሪያው የፋይበሩን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ስስ እየሆነ ተሞርዶ፣ በንብርብር ፋይበር ይሞላል። ጀርባዋም አዲሱን ሞተር እንዲሸከም ከውስጥ መጠናከር አለበት። ባትሪሽን የሚሞላው የአውትቦርዱ ዲናሞም ያንሳል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ቤንዚኑ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ስር ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ነዳጁን ካቢን ውስጥ እንዳታስቀምጪ።

ሸራዬ፦
ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። አባቴን ጠየቅሁት። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ሞክሯል፤ ቫልቩ ክፍት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ኖዝሉን ፈታሁና ሞተሩን ከፊት ባለው ብሎን በመፍቻ ይዤ አዞርኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ሩብ ዙር ስጨምር በቀዳዳው ውሃ ተወርውሮ እጅጌዬን አራሰው። ፊቴ ላይም ተረጨ፤ ከንፈሬን ስልሰው ጨው ነው። አባቴ «ወጣ! ወጣ!» ብሎ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ዘይቱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፤ ሦስተኛው እንደጠራ ቀረ።

ሁለቱንም ያየ ወንድሜ፣ ያልከውንም ለካሁት። አባቴ ከመሪው ተነስቶ አፍንጫዋ ላይ ሲቆም፣ ውሃው ረግቶ እያለ፣ ጀርባዋ 6 ሴንቲ ሜትር ተነሳ። በእኛ ሞገድ ላይ ይሄ ሲጨመር አሰብኩት። ናፍጣው ባለበት ይቆያል።

አባቴ የቫልቩ እጀታ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ በትልቁ ጽፎበታል፦ «በ10 ሰከንድ ካልተነሳ ዝጋ። ሲነሳ ወዲያው ክፈት።»