የቆየ የጆሮ ጩኸት በኦክስጅን ቻምበር ይለቃል?

ለክርክር የቀረበው፦ መስማት ከቀነሰና ጆሮ መጮህ ከጀመረ ዓመታት ላለፉት ሰው 20 ዙር የሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ሕክምና (በዝግ ቻምበር ውስጥ፣ በከፍተኛ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን መተንፈስ) ማዘዝ ተገቢ ነው?

ንጹሕ አየር፦ ተገቢ ነው። ኮክሊያ፣ ማለትም ድምፅ የሚቀበለው የውስጥ ጆሮ ክፍል፣ ደም የሚያገኘው በአንዲት ቀጭን ቧንቧ ነው፤ እሷ ከተዘጋች ተለዋጭ የለም። ተራ አየር ስንተነፍስ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን 0.3 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከባሕር ወለል 2.5 እጥፍ በሆነ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ሲሳብ ግን ወደ 5 ይጠጋል።

ኦዲዮግራም፦ ስሌቱ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ኦክስጅን የሚያተርፈው እየታፈነ ያለን ህዋስ እንጂ የሞተን አይደለም፤ በሰው ኮክሊያ ደግሞ ድምፅ የሚያነሱት የፀጉር ህዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የ2012ቱ የኮክሬን ግምገማ (ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን) በድንገተኛው የመስማት መቀነስ ላይ መሻሻል አየ፤ በቆየው ላይና በጩኸቱ ላይ ግን ጥቅሙን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

ንጹሕ አየር፦ የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች መመሪያ ይፈቅድ የለም እንዴ?

ኦዲዮግራም፦ የ2019ኙን ነው የምትለው? እሱ የሚናገረው ስለ ድንገተኛው ነው፤ ማለትም በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በ3 ተከታታይ የድምፅ ድግግሞሾች (የቅጥነት ደረጃዎች)፣ መስማት ቢያንስ 30 ዴሲቤል ስለወረደ። ያውም ብግነት ከሚቀንሰው መድኃኒት፣ ከስቴሮይድ ጋር ተጣምሮ በ2 ሳምንት ውስጥ፣ ስቴሮይዱ ካልሠራ ደግሞ በ1 ወር ውስጥ።

ግፊት ለኪው፦ ከቻምበሩ በኩል ልጨምር። አንዱ ዙር ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ግፊት ላይ 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው፣ ነገሩ ያስቃል፣ ያው ጆሮ ነው። ግፊቱ ሲጨምር መዋጥ ወይም አፍንጫን ይዞ በቀስታ መንፋት ያለበት ሕመም ሳይጀምር ነው። ከዘገየ ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘው ቱቦ ይቆለፋል፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ደም ሊቋጥርም ይችላል። ያን ጊዜ መጨመሩን አቁሞ ግፊቱን ትንሽ መቀነስ እንጂ በጉልበት መንፋት አያዋጣም። ጉንፋን የያዘው ሰው እስኪሻለው ቢጠብቅ ይሻላል። ከሳንባው አየር ወደ ደረቱ ክፍተት ፈስሶ ያልታከመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይገባም። በ1.3 እጥፍ የሚሠሩት ለስላሳ ድንኳኖች የዚህ ሕክምና ምትክ አይደሉም።

ንጹሕ አየር፦ ታዲያ ጩኸቱ ቀነሰልን የሚሉትስ?

ኦዲዮግራም፦ ጩኸት በራሱም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው የሚመጣው ደግሞ ሲብስበት ነው። የ5 ዴሲቤል ልዩነትም ያለ ምንም ሕክምና በሁለት ምርመራ መካከል ይታያል።

ንጹሕ አየር፦ እሺ፤ ግን በ31ኛው ቀን ህዋሱ ሁሉ በአንዴ አይሞትም።

ኦዲዮግራም፦ አይሞትም፤ ድንበሩ የማስረጃው እንጂ የህዋሱ አይደለም። ለ5ኛ ሳምንት ታካሚ አብሬህ ልከራከር እችላለሁ። ለ5ኛ ዓመት ታካሚ ግን የመስሚያ መሣሪያና የአስተሳሰብና ባህርይ ሕክምና ይቀድማሉ።