ሱቅ ሲነድ ስልክ የሚያወጣው ሰው ይባረር ወይስ ይፈለግ?

የዛሬ ጥያቄ፦ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ ቪዲዮው ወዲያው ስልካችን ላይ ነበር። እሳት አደጋ ቦታ ላይ ሕዝቡ እንዳይቀርጽ ይከልከል?

የመርካቶ ልጅ፦ ይከልከል! የሰው ንብረት እየነደደ ላይክ መልቀም ነውር ነው። መንገዱም ይዘጋል። 939 ደውለን የመጣው መኪና በሰው መሃል ጥሩምባ እየነፋ ይቆማል።

ጡረተኛው እሳት አጥፊ፦ በመንገዱ እስማማለሁ። ግን እኛ ስንደርስ እሳቱ ብዙ ጊዜ ቤቱን ይዞታል። ከየት እንደጀመረ የሚያሳየው ከእኛ በፊት የተነሳ ፎቶ ነው። ከዚያ ውሃ እንረጫለን፣ ጣሪያ እናፈርሳለን፣ ፍርስራሹን በአካፋ እንገለብጣለን። ማስረጃውን የምናበላሸው እኛው ነን፤ ምን ይደረግ።

የሕግ ተማሪዋ፦ እሺ ጋሼ፣ በቴሌግራም ሲዞር የከረመ ፎቶ ግን ምን ያደርጋል? ማን፣ መቼ እንዳነሳው በምን ይታወቃል?

ፎቶ ቤት ያለኝ፦ ቴሌግራም ፎቶውን ይጨምቀዋል፣ ውስጡ ያለውን ሰዓትና ቦታም ይጥለዋል። «ፋይል» ብለሽ ከላክሽው ግን አይነካውም። ዋናውን ከስልክሽ አታጥፊ። መርማሪ ሲያነሳ ደግሞ መጀመሪያ ቤቱን ከውጭ በየአቅጣጫው፣ ቀጥሎ ክፍሉን፣ በመጨረሻ ምልክቱን በቅርበት ነው፤ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጎ። አለበለዚያ የጠቆረው ነገር የጣት ያህል ይሁን የክንድ ማን ያውቃል?

የሕግ ተማሪዋ፦ ማስመሪያም አያድንም። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃም ቤት ተቃጥሎ ሦስት ሴት ልጆቹ ሞቱ። መርማሪዎቹ የወለሉን ቃጠሎና የተሰነጣጠቀውን መስታወት አይተው «ተቀጣጣይ ፈሳሽ አርከፍክፎ ነው» አሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዊሊንግሃም በሞት ተቀጣ።

ጡረተኛው እሳት አጥፊ፦ ጨርሺዋ ልጄ! የተሳሳተው ያየው ዓይን ነው። ክፍል ሙቀቱ ሲያይል ሁሉም ነገር ባንዴ ይለኮሳል፤ ያኔ ወለሉ ቤንዚን የፈሰሰበት ይመስላል። የጋለ መስታወትም ውሃ ሲነካው ይሰነጣጠቃል። የእሳት ሳይንስ አዋቂዎች ስህተቱን ያጋለጡት የዚያኑ ቤት ፎቶና ቪዲዮ መልሰው አይተው ነው። አንዱ ሪፖርት ከቅጣቱ በፊት ቀርቦ ነበር። አልሰሙትም እንጂ።

የሕግ ተማሪዋ፦ እሱን አልክድም። ባይቀረጽ ኖሮ የሚመለከቱት ነገርም አይኖርም ነበር።

የመርካቶ ልጅ፦ በቃ ይቀረጽ፣ ሰው እንዳያልፍ ከተዘረጋው ገመድ ወዲህ ሆኖ። የሟች ፊት የለጠፈ ግን ይከሰስ።

ፎቶ ቤት ያለኝ፦ በሱ ማን ተከራከረህ?