ክሮም፣ ፋየርፎክስ ወይስ ኦፔራ ሚኒ፦ ምርጫችንን የሚወስነው ምንድን ነው?

ጠያቂ፣ ከፒያሳ፦
ጤና ይስጥልኝ። ኮምፒውተር በማከራይበት ቤት ደንበኞቼ ሁሉ ማለት ይቻላል ክሮምን ይከፍታሉ። ሰው ብራውዘሩን (ድረ ገጽ የሚከፍትበትን ፕሮግራም) የሚመርጠው አመዛዝኖ ነው ወይስ ስለለመደው?

መላሽ፣ ከአራት ኪሎ፦
ወንድሜ፣ በአብዛኛው ስለለመደው ይመስለኛል። ክሮም በ2008 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በፍጥነቱ ተወደደ፤ ኋላ ግን በአንድሮይድ ስልኮች ላይ አስቀድሞ ተጭኖ መምጣቱ ይበልጥ አስፋፋው፤ የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ያስቀመጠበት ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ለመዛወር ይከብደዋል።

መላሽ፣ ከካዛንቺስ፦
የዳታ ወጪም አይዘንጋ። ኦፔራ ሚኒ ገጹን በራሱ ሰርቨሮች (ማዕከላዊ ኮምፒውተሮች) ላይ አሳንሶ ስለሚልክ ጥቅሉን ለሚቆጥብ ተማሪ ይጠቅማል።

መላሽ፣ ከአራት ኪሎ፦
ልክ ነዎት። እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝ ግን የማይክሮሶፍቱ ብራውዘር ኤጅ በ2020 እ.ኤ.አ. ክሮም ወደተሠራበት የፕሮግራም መሠረት ወደ ክሮሚየም ከተዛወረ ወዲህ ክሮም፣ ኤጅና የኮምፒውተሩ ኦፔራ በአንድ ሞተር፣ ማለትም ገጹን አንብቦ በስክሪን ላይ በሚያሳየው ክፍል፣ መሥራታቸው ነው። ፋየርፎክስ ጌኮ የተባለውን የራሱን ሞተር ስለያዘ ገጹ በእሱ ላይ ተለይቶ ሊታይ ይችላልና፣ ድረ ገጽ የምትሠሩ ሁሉ ሥራችሁን በእሱም እንድትፈትሹ እለምናለሁ።