የመጀመሪያው የአውሮፕላን ተሳፋሪ ማነው? ፈጢራ ተወራርደናል

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም አቦ። ትናንት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ስር ቁጭ ብለን አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ከጓደኛዬ ጋር ጭቅጭቅ ገባን። እሱ የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች አውሮፕላኑን የሠሩት ራይት ወንድማማቾች ራሳቸው ናቸው፣ በ1903 አንዱ ሲነዳ ሌላው ከጎኑ ተቀምጦ ነበር ይላል። እኔ ደግሞ ቲኬት ያልቆረጠ ሰው ተሳፋሪ አይባልም ባይ ነኝ። የሚያውቅ ካለ ይገላግለን፣ ፈጢራ ከነሻዩ ተይዟል። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።)

ደቻቱ፦
ጓደኛህ ተበልቷል። የ1903ቱ አውሮፕላን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በሆዱ ተኝቶ። ከወንድማማቾቹ መጀመሪያ የተነሳው ኦርቪል ሲሆን አየር ላይ የቆየው 12 ሰከንድ ነው፣ 36 ሜትር ገደማ፣ በቃ። ሁለቱ አንድ ላይ የበረሩት በ1910 ነው፣ አባታቸው ሁለቱንም ባንዴ እንዳያጣ ስለሚፈራ ያውም አንዴ ብቻ። ሰው መጫን የጀመሩት ሜይ 14፣ 1908 ነው፤ ዊልበር መካኒካቸውን ቻርሊ ፈርናስን አጠገቡ አስቀምጦ ተነሳ። ፈረንሳዮቹ ደግሞ የኛው አብራሪ ፋርማን፣ ዴላግራንዥ የሚባል ሰው ይዞ ቀድሟል ብለው ይከራከራሉ። ለኔ ግን ሁሉም ያው ነው፣ ባጃጅ ነጂ ጓደኛውን ወንበሩ ጥግ ላይ ለጥፎ ሲዞር ማን ሒሳብ ይጠይቀዋል?

ጀጎል፦
የመጀመሪያውን ሟች ረሳችሁት እኮ። ሴፕቴምበር 17፣ 1908 ሌተና ቶማስ ሰልፍሪጅ ከኦርቪል ጋር ሲበር ፕሮፔለሩ ተሰነጠቀና ሽቦ በጠሰ፣ ወደቁ። ኦርቪል ጭኑና ጎኑ ተሰብሮ ተረፈ፣ ሰልፍሪጅ ግን ሞተ። ይሄ ወሬ ገና ሳይበርድ፣ ሶስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ኢዲት በርግ የምትባል ሴት ፈረንሳይ ላይ ከዊልበር ጋር ወጣች። ቀሚሷን ንፋስ እንዳይገልበው ከቁርጭምጭሚቷ በላይ በገመድ አስራ! እኔ የደንገጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስወርድ ዓይኔን ነው የምጨፍነው።

የዳኮታ ዘመን፦
ልጆች፣ ቲኬት ካላችሁ መልሱ ፍሎሪዳ ነው። ጃንዋሪ 1፣ 1914፣ ከሴንት ፒተርስበርግ ታምፓ። አብራሪው ቶኒ ጃነስ፣ ተሳፋሪው አብራም ፋይል፣ የቀድሞ የከተማው ከንቲባ። ውሃ ላይ የሚያርፍ ጀልባ መሳይ አውሮፕላን ነው፣ ላዩ ክፍት፣ ከአብራሪው ጎን አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ። 34 ኪሎ ሜትር በ23 ደቂቃ፣ ከድሬ ሐረር እንኳ አይሞላም። ፋይል ቦታውን በጨረታ 400 ዶላር ነው የገዛው፣ ከዚያ በኋላ ታሪፉ 5 ዶላር ሆነ። እኔን ያሳቀኝ ክብደቱ ነው። ተሳፋሪው ከነሻንጣው 90 ኪሎ ገደማ ካለፈ ሒሳብ ይጨምር ነበር። በልጅነቴ ዳኮታ በሚባለው የድሮ አውሮፕላን አዲስ አበባ ልንሄድ ስንል እኛንም ሚዛን ላይ አውጥተውናል። እናቴ ዕቃ በዛብኝ ብላ ከሻንጣዋ ሶስት ቀሚስ አውጥታ ደርባ ለበሰች። ከነቀሚሶቹ መዘኗት።

ደቻቱ፦
ጋሼ ገደሉኝ 😂 ታይዋን ገበያ ሸምቶ የሚሄደው ሰው ዛሬም እንደዚሁ ነው፣ በዚህ ሙቀት ሶስት ጃኬት!

ለገሃር፦
ዜፕሊኑስ፣ በጋዝ የሚንሳፈፈው የአየር መርከብ? የጀርመኑ የዜፕሊን ድርጅት ዴላግ በ1909 ነው የተቋቋመው፣ ከ1910 እስከ 1914 ከ34,000 ሰው በላይ አጓጉዟል፣ አንድም ተሳፋሪ ሳይሞትበት። የፍሎሪዳው አራት ወር ሰርቶ በ1,205 ተሳፋሪ ቆመ። ሞተር አለው፣ ቲኬት አለው፣ ሌላ ምን ፈለጋችሁ?

ጀጎል፦
እሱ ፊኛ ነው አቦ። ጥያቄው አውሮፕላን ነው።

የከዚራ ልጅ፦
ጋሼ ይመስገኑ። ጓደኛዬ አነበበው፣ አሁን ደግሞ የጨረታ ብር ቲኬት አይደለም፣ ስለዚህ አሸናፊው 5 ዶላር የከፈለው ሁለተኛው ሰውዬ ነው እያለኝ ነው። ፈጢራው ግን ታዟል፣ በሱ ሒሳብ።