«መጤ»፣ «ስደተኛ» ወይስ «ፍልሰተኛ»?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ። የ1848ቱ የአውሮፓ አብዮት ከከሸፈ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ወደ አሜሪካ ስለተሻገሩ የጀርመን ሶሻሊስቶች እየጻፍኩ ነው። «መጤ ሶሻሊስቶች የአሜሪካን ፖለቲካ ቀረጹ» ብዬ ጀመርኩና እጄ ተያዘብኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እጅህ መያዙ ደግ ነው። «መጤ» ሥሩ «መጣ» ቢሆንም መምጣትን ብቻ አይናገርም፤ «አገሩ የኛ ነው» የሚል ቁጣ አለበት፤ ከ«ጸጉረ ልውጥ» ጎን የሚቀመጥ ቃል ነው። በ1850ዎቹ የተነሣው ፓርቲ፣ አባላቱ ሲጠየቁ «አላውቅም» ስለሚሉ «አላውቅም ባዮች» የተባለው፣ ከውጭ የገባን ሰው ያየው በዚሁ ዓይን ነበር። የነሱን ንግግር ስትተረጉም «መጤ» በል፤ በራስህ አፍ ግን አይሁን። «ስደተኛ» ይሻላል። «ሰደደ» በግእዝ ማባረር ነው። ዮሴፍ ቫይደማየር፣ የቀድሞ የፕሩሺያ መድፈኛ መኮንንና የማርክስ ወዳጅ፣ በ1851 ኒውዮርክ የገባው ተሰዶ ነው።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በ«ስደተኛ» አልስማማም። ዛሬ ቃሉ ዓይናችን ላይ የሚያመጣው መጠለያ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅን ሰው ነው። እነዚህ አልጠበቁም። አዶልፍ ዱዋይ ሳን አንቶኒዮ ላይ፣ በባሪያ አሳዳሪዎቹ ቴክሳስ፣ ባርነትን የሚቃወም የጀርመንኛ ጋዜጣ አወጣ፤ በ1856 ለቆ ለመሄድ ተገደደ። አውጉስት ቪሊኽ ሲንሲናቲ ላይ ጋዜጣ ሲያዘጋጅ ቆይቶ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ተዋግቶ ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ። እኔ «ፍልሰተኛ» እላለሁ። «ፈለሰ» ውስጥ ከነበሩበት መነሣትም፣ አዲስ ቦታ ማረፍም አለ። ጾመ ፍልሰታን ለምናውቅ ቃሉ እንግዳ አይደለም።

መልስ፦ ተረታሁ። ከቦታቸው ያስነሣቸውን ነገር ስትተርክ «ተሰደዱ» በል፤ አሜሪካ የሠሩትን ስትተርክ «ፍልሰተኞቹ»።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልን። «አርባ ስምንቶቹ» ማለትስ ያስኬዳል?

ሌላ አባል፦ «የስልሳ ስድስቱ አብዮት» እንል የለ? ያስኬዳል። ግን መጀመሪያ ላይ «የ1848ቱ» ብለህ አስተዋውቃቸው፤ አለዚያ የኛ አንባቢ 1948 ዓ.ም. ይመስለዋል። ደግሞ ሁሉም ሶሻሊስት አልነበሩም፤ ኋላ ሴናተር የሆነው ካርል ሹርዝ ለምሳሌ አልነበረም።

እኔን ከሁሉ ያሳሰበኝ «ቀረጹ» ነው። የሚቀርጽ ሰው እንጨቱም መሣሪያውም በእጁ ነው። ሶሻሊስቶቹ ግን ጥቂት ነበሩ፤ በእጃቸው የነበረው ጋዜጣ፣ የሠራተኛ ማኅበርና የጂምናስቲክ ክበብ ነው። በ1854 ባርነት ወደ አዳዲሶቹ ግዛቶች እንዲገባ በር የከፈተውን የካንሳስና ኔብራስካ ሕግ ሲቃወሙ፣ ብዙ የጀርመን ሠራተኞችን ይዘው ወደ ፀረ ባርነቱ ጎራ ሄዱ። ለዚህ «ገፉ» ይበቃል፦ ፖለቲካውን ገፉት።